አባቴ ምላሱን ያወጣበት ግንቦት

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስንገባ የትምህርት ቤታችን ላብራቶሪ ተቆልፎ ነው የጠበቀን። ቁልፉን ይዞ የነበረው ሠራተኛ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል፤ ቁልፉም አብሮት ተዛውሯል። በመስኮቱ ስናጮልቅ የሚታየን አቧራ የለበሰ ማይክሮስኮፕና አንድ እጁ የተነቀለ የፕላስቲክ አጽም ብቻ ነበር። አጽሙ ጥርሱን ገልጦ ወደ እኛ ስለሚያይ፣ የባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ በደረሰ ቁጥር ሰላም ብለነው እናልፍ ነበር።

የባዮሎጂ መምህራችን ግን በቀላሉ እጁን የሚሰጥ ሰው አልነበረም። ወጣት ነው። ላብራቶሪ ባይኖርም ነጭ ጋውኑን ይለብሳል፤ እንግሊዝኛውን ተናግሮ ሲጨርስ ፊታችንን ያይና ያንኑ በአማርኛ ይደግመዋል። የዘር ውርስ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ "ላብራቶሪያችሁ ቤታችሁ ነው፤ ናሙናችሁ ዘመዶቻችሁ ናቸው" አለንና፣ ምንም ሳያስጠነቅቀን ምላሱን አወጣብን።

መምህር ምላሱን ሲያወጣ ተማሪ ምን ማድረግ እንዳለበት የነገረን ሰው አልነበረም። እሱ ደግሞ በማውጣት አላበቃም፤ የምላሱን ግራና ቀኝ ጠርዝ ወደ ላይ አጥፎ እንደ ቧንቧ ጠቀለለው። ከዚያ ወደ አፉ መለሰና "ይህን ማድረግ የሚችል እጁን ያውጣ" አለ። እጅ የሚያወጣ ጠፋ፤ ሁሉም ምላሱን አውጥቶ ራሱን እየፈተሸ ነበር። የኔ ምላስ በመጀመሪያው ሙከራ ጥቅልል አለ። አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ግን በጣቷ ጭምር ብታግዘው እምቢ አላት። በዚህ ምክንያት ሳምንቱን ሙሉ ቁም ስቅሏን አሳየኋት።

መምህራችን ሰሌዳው ላይ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ፊደል ጻፈ። ትልቁን ፊደል የወረሰ ሰው ምላሱን ይጠቀልላል፤ ሁለት ትንንሽ የወረሰ አይጠቀልልም። ከዚያ ጠመኔውን አስቀመጠና ድምፁን ከፍ አድርጎ "ሁለት የማይጠቀልሉ ወላጆች የሚጠቀልል ልጅ አይወልዱም። አራት ነጥብ" አለ። የቤት ሥራችን የየቤታችንን የዘር ሐረግ መሣል ነው፤ ወንዱን በሣጥን፣ ሴቷን በክብ፣ ምላሱ የሚጠቀለለውን ጥቁር መቀባት። ነጥብ አለው።

ለመምህራችን ያልነገርነው አንድ ነገር ነበር። በኛ አካባቢ ምላስ የሚወጣው ለሁለት ጉዳይ ብቻ ነው፤ ወይ ሐኪም ሲያዝ፣ ወይ ጠብ ሲፈለግ። እሱ ከሌላ አገር ስለመጣ ይህን አያውቅም። እኛ እናውቃለን፤ ስለምናውቅም ደስታችን ልክ አልነበረውም። ለአንድ ሳምንት ያህል ማንኛውንም የተከበረ ሰው "ምላስዎን ያሳዩኝ" የማለት ሥልጣን ተሰጥቶናል፤ ያውም በመንግሥት መጽሐፍ።

እኔ ሥልጣኔን ከዚያው ቀን ከሰዓት ጀምሮ ነው የተጠቀምኩበት። ቤታችን ከእንጅባራ ወደ ጥርባ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆነ ወደ ቤት የምመለሰው በባጃጅ ነው። ሹፌሩ የአባቴ የአጎት ልጅ ነው፤ ስለዚህ ዘመድ ነው፤ ስለዚህ ናሙና ነው። ነገሩን ስነግረው ምላሱን አውጥቶ በመስታወቱ እያየ ሲጠቀልል ባጃጇ መንገዷን ስታ ከሰል የጫነ ጋሪ ልትስም ትንሽ ቀራት። ባለ ጋሪው የዘር ሐረጋችንን እየጠራ ሰደበን፤ እኔም ሣጥኑን ጥቁር ቀባሁ።

የንስሐ አባታችን ለጸበል ሲመጡ ደግሞ ዕድሉን አላሳለፍኩትም። እሳቸው በእናቴ በኩል ዘመድ ናቸው። እጄን አጣጥፌ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ "አባ፣ ምላስዎን ይጠቅልሉልኝ" አልኳቸው። እሳቸው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። "ልጄ፣ ይህ ምላስ የተሰጠኝ ለቅዳሴ ነው" አሉና ወደ ጸበሉ ተመለሱ። ሲወጡ ግን በራችን ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውን ትንሽ ቆሙ። ትከሻቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ ምን እያደረጉ እንደነበር እሳቸውና ፈጣሪ ያውቃሉ።

ወደ ቤታችን ልምጣ። እኔ ለእናትና አባቴ አንድ ነኝ፤ ያውም ከተጋቡ ብዙ ዘመን ቆይተው፣ ሰው ተስፋ ከቆረጠላቸው በኋላ የተወለድኩ። እናቴ የዳንግላ ከተማ ልጅ ናት፤ ፈጣን፣ ነገር አዋቂ፣ ስትስቅ ትከሻዋ አብሮ የሚስቅ። አባቴ እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያደገ ድንችና ገብስ አራሽ ነው፤ ከወንድሞቹ ጋር በአዊኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ያወራል፤ በሁለቱም ግን ብዙ አያወራም። አፉን የሚያከብር ሰው ነው። ሲያዛጋ በጋቢው ይሸፍናል፤ ሲስቅ ጥርሱ አይታይም፤ ትኩስ ድንች ቢያቃጥለው እንኳ አፉን ከፍቶ አያራግብም፣ ዓይኑ እያለቀሰ ይውጠዋል።

ይህን ሰው ነው ምላስህን አውጣ የምለው።

"ለትምህርት ነው?" አለኝ።

"ለትምህርት ነው።"

"ነጥብ አለው?"

"አለው አባዬ።"

ተነሥቶ ወጣ፤ በቆርቆሮ ውኃ ይዞ አፉን ተጉመጠመጠ፤ ተመልሶ ገባና በሩን ዘጋ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ጋቢውን አስተካከለ፣ ለፎቶ የሚቀመጥ መስሎ ቀና አለ። ከዚያ ምላሱን አወጣ። ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፤ እንደ አካፋ።

"አሁን ጠቅልለው" አልኩት።

"ጠቅልዬዋለሁ።"

"አልተጠቀለለም አባዬ።"

"ከውስጥ ይሰማኛል እኮ" አለ።

ከውስጥ የሚሰማ ነገር በዘር ሐረግ ላይ አይቀባም። ሣጥኑን ባዶ ተውኩት። የእናቴ ተራ ሲደርስ እሷ ከሳቋ ብዛት መቆም አቅቷት ነበር። "ወግጅልኝ፣ ለማን ብዬ ነው ምላሴን የማወጣው?" አለች። ስለምናት ወደ ግድግዳው ዞረች፣ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች፣ ነጠላዋ ሥር የሆነ ነገር ተደረገ። "እኔም አይሆንልኝም። ጻፊ" አለችኝ። እኔም የእናቷን ቃል የምታምን ልጅ ነበርኩና የእሷንም ክብ ባዶ ተውኩት። ከሥራቸው ራሴን ጥቁር ቀባሁ። ያኔ ምን እንደሣልኩ አላሰብኩትም፤ ያሰብኩት ሥዕሉ ማማሩን ብቻ ነው።

ነገሩን ያፈነዳችው አክስቴ ናት። የአባቴ ታላቅ እህት አዘና ነው የምትኖረው፤ ለገበያ እንጅባራ ስትመጣ እኛ ዘንድ አድራ ትሄዳለች። ቀልድ ካገኘች እናቷንም አታሳልፍ። የዚያን ቅዳሜ ቤታችን ሰው ሞልቶ፣ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ቀርቦ ስንበላ፣ እኔ የተማርኩትን ለማሳየት አፌን ይበላኝ ነበር። ትልቁን ፊደል፣ ትንሹን ፊደል፣ ሁሉንም አስረዳኋቸው። መጨረሻ ላይ የመምህራችንን ድምፅ አስመስዬ "ሁለት የማይጠቀልሉ ወላጆች የሚጠቀልል ልጅ አይወልዱም። አራት ነጥብ!" አልኩ።

"ያንቺስ ይጠቀለላል?" አለች አክስቴ።

ጠቅልዬ አሳየኋት።

"የአባትሽስ?"

"አይጠቀለልም።"

"የእናትሽስ?"

"አይጠቀለልም።"

አክስቴ ድንቹን አስቀመጠች። "እና አንቺ ከየት መጣሽ? ከጥርባ ሐይቅ ዋኝተሽ ወጣሽ?"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ። እናቴም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። አባቴም ሳቀ፤ ብቻ ሰው ሁሉ ሲያቆም እሱ ትንሽ ቆይቶ ነው ያቆመው።

በማግስቱ ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ስወጣ አባቴን ከፈረሱ ጋጣ ጀርባ አገኘሁት። ጢሙን የሚላጭበትን ስባሪ መስታወት በአንድ እጁ ይዟል። ፀሐይ በዚያ በኩል ስለምትወጣ ፊቱን ወደ ጎረቤታችን ማሳ አዙሯል። ምላሱ ወጥቷል። በሌላ እጁ አውራ ጣትና ሌባ ጣት የምላሱን ጠርዝ ይዞ ወደ ላይ ያጥፈዋል፤ ይለቀዋል፤ ምላሱ ጠፍጣፋ ሆኖ ይመለሳል። ፈረሱ አንገቱን አውጥቶ ያየዋል። እኔ አፌን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ቤት ሮጥኩ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሆነ። ዝናብ ካለ ከጋጣው ጣራ ሥር፣ ከሌለ ከጀርባው። ለጓደኛዬ ነገርኳት፤ እንደ እሱ ምላሷ የማይታዘዝላት ስለሆነች ስልቱን ጠይቂልኝ አለችኝ። ለእናቴ ስነግራት ግን ቀድማ አውቃለች። ከማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታየዋለች። ስትስቅ መስሎኝ ነበር፤ ቀረብ ስል ግን አትስቅም።

"ምን ሆኖ ነው?" አልኳት።

"እኔ ምን አውቄ። የሚለው ነገር ካለው አፍ አለው" አለችኝና ገባች።

አንድ ቀን ድንች ስንኮተኩት አባቴ ቀና ሳይል "ይህ የምላስ ነገር" አለ፣ "በልምምድ አይገኝም?"

እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን ከእኔ በላይ አዋቂ የለም። "አይገኝም አባዬ። ወይ ይወለዱታል ወይ አይወለዱትም።"

"የሚለማመድ ሰውስ?"

"ጂን በልምምድ አይቀየርም" አልኩት፤ እንግሊዝኛውን ጨምሬ። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ አንድ መምህር እየሳቀ የነገረን ነገር ትዝ ይለኛል፤ የምላስ ሕግ እንደተማርነው ቀላል አይደለም፣ ከመንታ አንዱ ጠቅልሎ ሌላው ሊያቅተው ይችላል፣ ተለማምዶ የሚሳካለትም አለ። ያን ቀን ግን የማውቀው የክፍላችንን ሰሌዳ ነው። አባቴ ሁለት ጊዜ አንገቱን ነቀነቀና ኩትኳቶውን ቀጠለ። በማግስቱም ከጋጣው ጀርባ ነበር።

ጎረቤታችንን አላስተዋወቅሁም። ማሳችን ከማሳው ጋር በአንድ ቦይ ይለያል። ግንቦት ላይ ዝናቡ ሲጠነክር ከኛ በኩል የሚወርደው ውኃ ቦዩን ሞልቶ የሱ ድንች ላይ ይተኛል፤ እሱ ቦዩን ወደ እኛ ያዞረዋል፤ አባቴ መልሶ ያቀናዋል። በዚህ ምክንያት ከተኮራረፉ ቆይተዋል። ሰላምታ ብቻ ነበር የቀራቸው። እንግዲህ ይህ ጎረቤት ማለዳ ማሳውን ሊያይ ሲመጣ ምን ያያል? በዚያ በኩል አባቴ ቆሟል። በመስታወት ዓይኑ ላይ ያበራበታል። ምላሱን አውጥቶበታል። በነጋውም እንዲሁ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ።

መጀመሪያ ሰላምታው ቀረ። ከዚያ አንድ ማምሻ ሁለት ሽማግሌዎች ቤታችን መጥተው፣ የሰጠናቸውን ጠላ ሳይቀምሱ፣ አባቴ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እርቅ በሚታይበት ዝግባ ሥር እንዲገኝ ነገሩት። ለምን እንደሆነ ሲነግሩት የአባቴ ፊት አመድ መሰለ። እኔ ጓዳ ሆኜ ስሰማ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ሄደ።

እሑድ ዝግባው ሥር ሰው ሞላ። ወሬው ቀድሞ ስለተሰማ ቅዳሴ ያላስቀደሰም መጥቷል። ሽማግሌዎቹ ግንድ ላይ ተቀምጠዋል፣ አባቴና ጎረቤታችን ግራና ቀኝ ቆመዋል፣ እኔና እናቴ ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብለን ነን። በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ ጭራቸውን ወዲያ ወዲህ እያወዛወዙ "በል አቤቱታህን አሰማ" አሉት ጎረቤታችንን።

"ቦዩ የቦይ ነገር ነው፤ እሱን በሌላ ቀን እንነጋገራለን" አለ ጎረቤታችን። ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ እውነትም ተጎድቷል። "ውኃውን ቢለቅብኝ ችያለሁ። ግን ሚስት ያለኝ፣ ልጅ ያሳደግሁ ሰው ነኝ። ማለዳ በስመ አብ ብዬ ስወጣ ምላሱን ያወጣብኛል። አንድ ቀን ቢሆን ሰክሮ ነው እላለሁ። በየቀኑ ነው። ያውም እንዳላየሁት እንዳልል በመስታወት እያበራብኝ!"

ሰው አጉረመረመ።

"እንዴት አድርጎ አወጣብህ?" አሉ ሽማግሌው።

ጎረቤታችን አመነታ፤ ከዚያ ፊቱን አኮሳትሮ ምላሱን አወጣ፣ በሁለት ጣቱም እንደ አባቴ ጎተት አደረገው። የኋላ ረድፍ ላይ የነበሩ ወጣቶች ጀርባቸውን ሰጡ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡ። እኔ በሌላ ቀን ቢሆን መሬት ላይ እንከባለል ነበር።

"አንተስ ምን ትላለህ? አውጥተሃል አላወጣህም?"

አባቴ ውሸት አያውቅም። "አውጥቻለሁ" አለ።

"በየቀኑ?"

"በየቀኑ። በእሱ ላይ ግን አይደለም።"

"ታዲያ በማን ላይ ነው?"

አባቴ የጋቢውን ጫፍ ያፍተለትላል።

"ተናገር እንጂ። ሰው በባዶ ሜዳ ምላሱን አያወጣም። ምክንያትህን ተናገርና እኛም እናስታርቅ።"

አባቴ መሬት መሬት ያያል። ያኔ ነው ነገሩ ሁሉ ቁልጭ ብሎ የታየኝ። ምክንያቱን ከተናገረ፣ ልጄ የኔ አይደለችም የሚል መጽሐፍ አለ ብሎ መናገር ሊኖርበት ነው። ያን ከተናገረ ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የእናቴን ስም አነሣ ማለት ነው፤ ማታውኑ ወሬው እንጅባራ ይገባል፣ በገበያ ቀን ዳንግላ ይደርሳል። እኔም ልናገርለት አልችልም፤ እኔ ብናገር ያው ነው። ስለዚህ አፉን የሚያከብረው አባቴ ተሳዳቢ ተብሎ ቆሟል፤ ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል።

"የምለው የለኝም" አለ በመጨረሻ። "አጥፍቻለሁ በሉ። ይቅርታ እጠይቃለሁ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ያለ ምክንያት ሰውን በየቀኑ ማዋረድ ቀላል ነገር አይደለም፤ ይቅርታውም ቀላል ሊሆን አይችልም። ድንጋይ ይሸከምና የጎረቤታችን እግር ላይ ይውደቅ ተባለ። አንድ ሰው ሄዶ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አመጣ። አባቴ ጋቢውን አወለቀ፤ አጣጥፎ ሣሩ ላይ አኖረው። ከዚያ ለድንጋዩ ጎንበስ አለ።

"ቆይ!" አለች እናቴ።

በሴቶቹ መሐል አልፋ፣ በሰዉ መሐል አልፋ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ሄደች። ሴት በእንዲህ ዓይነት ሸንጎ ሳትጠራ አትናገርም፤ እሷም አልተናገረችም። ነጠላዋን ከአፏ ላይ ገለጠች። ምላሷን አወጣች። ግራና ቀኙ ቀስ ብሎ ተነሣና ጥቅልል አለ፤ ጣት የሚያስገባ ጥርት ያለ ቦይ ሆነ። እንዲያ እንዳለች ከአንዱ ሽማግሌ ወደ ሌላው፣ ከዚያ ወደ ጎረቤታችን፣ ማንም አላየሁም እንዳይል ዞራ ዞራ አሳየቻቸው።

እኔ አፌን ከፍቼ ቀርቻለሁ።

"ይህ ደግሞ ምን ይባላል?" አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

እናቴ ምላሷን መለሰች፤ ነጠላዋንም መለሰች። "ልጃችን ትምህርት ቤት የሰጧት ሥራ ነው አባቴ" አለች፣ ረጋ ብላ። "ምላስ መጠቅለል ይባላል። እኔ እችላለሁ፤ ልጄም ትችላለች። ባለቤቴ ግን አቃተው። በሁለት ሴት ተበልጦ ሊኖር ነው? ሰው እንዳያየው ማለዳ እየወጣ ሲለማመድ ከረመ። እዚህ ፊታችሁ ይህን ከሚናገር ድንጋይ መሸከምን መረጠ። ወንድ አይደል!"

መጀመሪያ የሳቁት ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ላይ የሳቡት ሽማግሌ ናቸው። ከዚያ ሁሉም ተከተለ። ትልቁ ሽማግሌ ለመቆጣት ሞከሩ፤ ቁጣው አልመጣ ሲላቸው ጭራቸውን አስቀመጡና "እስቲ እንዴት ነው እሱ?" አሉ። ጥርስ በጠፋበት አፋቸው ሞከሩ። ከጎናቸው ያሉትም ሞከሩ። ሸንጎው በሙሉ፣ ያ ለስንት ደምና ለስንት ድንበር የተቀመጠ ሸንጎ፣ ምላሱን አውጥቶ አንዱ የሌላውን አፍ ያይ ጀመር። እኔ አንዱ ሽማግሌ እንደማይችሉ፣ ባለቤታቸውም ከሴቶቹ መሐል እንደማይችሉ፣ ልጃቸው ግን እንደ ባለሙያ እንደሚጠቀልል በዓይኔ አይቻለሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ዝም አልኩ።

ጎረቤታችንም ሞከረ። በመጀመሪያው ሙከራ ተጠቀለለለት። ደስታው ፊቱ ላይ አበራ፤ ወደ አባቴ ሄዶ አሳየው፤ በአዊኛ የሆነ ነገር አለው፤ አባቴም ሳይወድ በግዱ ሳቀ፣ እንደ ልማዱ ጥርሱ ሳይታይ። ድንጋዩን ያመጣው ሰው ራሱ ተሸክሞ መለሰው። ቦዩንም በማግስቱ ሁለቱ አብረው ጠረጉት፤ ግን እሱ ሌላ ወሬ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ከፊት፣ እናቴና እኔ ከኋላ ሆነን በጭቃው እንሄዳለን። እናቴ ድል አድርጎ እንደተመለሰ ሰው ነበረች፤ እኔ እየሳቅሁ ክንዷን ይዣለሁ። ለከሰል የተተከለው የዲከረንስ ዛፍ ዘንድ ስንደርስ አባቴ ቆመና ዞረ።

"ትችያለሽ" አላት።

"እችላለሁ።"

"ድሮም?"

"ድሮም። ዳንግላ ልጅ ሆነን በዚሁ ነበር የምንፎካከረው። ያን ቀን ለልጅቷ አይሆንልኝም ያልኳት ምላስ ማውጣቱ አሳፍሮኝ ነው።"

"እና ይህን ሁሉ ጊዜ እያየሽኝ ዝም አልሽ?"

የእናቴ ሳቅ ጠፋ። "አንተስ? አንድ ጊዜ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? ጠዋት ጠዋት መስታወትህን ይዘህ ስትወጣ፣ ዛሬ ይጠይቀኛል እያልኩ በር ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። አትጠይቀኝም። እንደጠረጠርከኝ ገብቶኛል። ከአፍህ ልስማው ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

አባቴ ያልገባው ሰው መስሎ አያት። "አንቺን?" አለ። "አንቺን ምን ብዬ ነው የምጠረጥረው?"

"ታዲያ ምላስህን ምን ያሠቃየዋል?"

አባቴ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። "ይቺ ናታ። ያመነችው መጽሐፉን ነው። መጽሐፉ ደግሞ አባትሽ አይደለም አላት። እኔ አንብቤ አልከራከረው ነገር። ምላሴ እሺ ካለኝ መጠራጠሯን ትተዋለች ብዬ ነው።"

የእናቴን ክንድ ለቀቅሁ። "አንድም ቀን አልተጠራጠርኩም እኮ አባዬ" አልኩ። እንባዬ መጣ።

"ሰው በሞላበት እየሳቅሽ ስታወሪው ምን ልበል?" አለ። ቁጣ የለበትም፤ እንዲሁ ነው የጠየቀኝ። ትንሽ ጠበቀኝና "አሁንስ?" አለ። "እናትሽ ከቻለች መጽሐፉ ምን ይላል?"

"መጽሐፉን ተወው አባዬ።"

"የለም፣ ንገሪኝ።"

ከዲከረንሱ ጭራሮ ሰበርኩና ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብዬ ሣጥን ሣልኩለት። ሣጥኑን አራት ቦታ ከፈልኩት። ከላይ የእናቴን ፊደሎች፣ ከጎን የእሱን ጻፍኩ። ትልቁ ከእማዬ ነው፣ ትንሹ ካንተ ነው፣ እኔ እዚህ ጋ ነኝ አልኩት። እንባና ንፍጤን በእጄ ጀርባ እየጠረግሁ፣ የዓመቱን ባዮሎጂ እዚያ ጭቃ ላይ ጨረስኩለት። "ስለዚህ ግማሼ ከእሷ ነው፣ ግማሼ ካንተ ነው። ይህ አይቀየርም።"

አባቴ ሣጥኑን አየ። ከዚያ እኔን ከራሴ ጀምሮ እስከ ጭቃ የነካው ጫማዬ ድረስ አየኝ።

"የቱ ግማሽ?" አለ።

ይህን ጥያቄ መምህራችን ፈተና ላይ አውጥቶት አያውቅም። ጭራሮዬን ይዤ ቁጢጥ እንዳልኩ ቀረሁ። የመለሰችለት እናቴ ናት።

"እልኋ" አለች።

አባቴ ትንሽ አሰበበት። "እልኋማ የኔ ነው" አለ። "ይበቃኛል።" ጋቢውን ትከሻው ላይ መለሰ፤ የሣልኩትን ሣጥን ላለመርገጥ በጎን በኩል ዞረና መንገዱን ቀጠለ።